ቢላዋው እስኪደርስ

ወልቂጤን አልፎ ወደ ጉብሬ በሚወስደው መንገድ ከጭቃው ጋር ሲታገል የብስክሌቱ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ዳምጤ ወርዶ ጎማውን በጣቱ ጫን አደረገው፤ ከዚያ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። ቀትር አልፏል። ይኼኔ እቤት በሬው ታስሮ፣ ሽማግሌው ተሰብስቦ፣ እናቱ ደጅ ደጁን እያዩ ነው። የሚታረድበት ቢላዋ ደግሞ እዚህ፣ ከብስክሌቱ መቀመጫ፣ ከሴላው ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ ታስሯል።

አባቱ አቶ ኃይሌ ባለፈው መስቀል፣ "እጀታው ላልቷል፣ መርካቶ ወስደህ አሠራልኝ" ብለው ነበር የሰጡት። ጥር ላይ ሞቱ። እነሱ ቤት የመስቀል በሬ በዚያ ቢላዋ እንጂ በሌላ ታርዶ አያውቅም። ዘንድሮ፣ በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት መስቀል፣ እንግዲህ አራጁ የበኩር ልጃቸው ዳምጤ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ታዲያ በመኪና አይመጣም? የጭነት መኪና ላይ ቦታ ተይዞለት ነበር እኮ። እሱ ግን ስድስት ዓመት መርካቶ ልብስ ሰፍቶ በገዛው ብስክሌት፣ ደወሉን እያንቃጨለ፣ መንደሩን ጉድ ሊያሰኝ ፈለገ። ትናንት ጎህ ሲቀድ ከአዲስ አበባ ተነሣ፤ መንገድ ላይ ጊዮን ከተማ አደረ፤ ዛሬ እግሩ አልታዘዝ ብሎታል። ይበለው።

የውስጡን ጎማ፣ ካመራዳሪያውን፣ ለጠፈ፤ ጥቂት እንደሄደ ጎማው እንደገና ተነፈሰ። ከጎማው ይልቅ የሚያብሰለስለው ታናሽ ወንድሙ ብርሃኔ ነበር። የሰው ቢላዋ ተውሶ አርዶ ቢሆንስ? የዳምጤ በኩርነት እዚያው ላይ አከተመ ማለት ነው።

ከጉብሬ በኩል አንድ ሰው አህያ እየነዳ መጣ። ጎረቤታቸው ከማሉ ናቸው።

"ዳምጤ አይደለህም እንዴ?"

"ጋሽ ከማሉ፣ በሬው ታረደ?"

"መጀመሪያ እንኳን አደረሰህ ልበልህ እንጂ። ጧት ሳልፍ አልታረደም። ሽማግሎቹ ግን ብርሃኔን 'እረድና እንገላገል' እያሉት ነበር።"

"እሱስ ምን አለ?"

"እኔ ምን አውቄ። ቢያርድስ? አባትህን በቃሬዛ ወልቂጤ ሐኪም ዘንድ ያደረሳቸው እሱ አይደል? እኔም አንዱን ጫፍ ይዤ ነበር። ትከሻው ተልጦ፣ 'ለዳምጤ እንዳትነግሩት፣ ሥራ ይፈታል' አለን።"

ዳምጤ ይህን አልሰማም ነበር። እሱ ዘንድ የደረሰው ቀብሩ ካለፈ በኋላ የተጻፈ ደብዳቤ ብቻ ነው። 'ብርሃኔ ያልጠራኝ መሬቱን ሊጠቀልል ነው' እያለ ከጥር ወዲህ ለመርካቶ ጓደኞቹ ሲያማው ከርሟል። አፈረ፤ አንገቱ ድረስ አፈረ።

"ይኼን ነገር እርስዎ ያቆዩልኝ" ብሎ ብስክሌቱን አስጠጋላቸው። ቢላዋውን ፈትቶ ብብቱ ሥር ሸጎጠና በእግሩ ሮጠ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ፣ ያለ ደወል ደረሰ። በሬው እንደታሰረ ነው። ብርሃኔ አጠገቡ ባዶ እጁን ተቀምጧል። ሽማግሎቹ ያዋሱት ቢላዋ እንሰት ቅጠል ላይ ተጋድሟል፤ የነካው የለም።

"ቆየህ" አለ ብርሃኔ። "ልጆቹ ተርበዋል።"

"ለምን አላረድክም?"

"ቢላዋችን አንተ ጋ ነዋ።"

እናታቸው ወይዘሮ አዛለች ውኃ ይዘው መጡ። "በል ታጠብ ልጄ፤ ሰው ጠበቀህ።"

ዳምጤ ታጠበ። ጨርቁን ፈታ። አዲሱ የቀንድ እጀታ ያምራል፤ እንዴት አድርጎ እንደሚጨብጠው ከአዲስ አበባ ጀምሮ ሲያስብ ነው የመጣው። ስለቱን ወደ ራሱ አዞረና እጀታውን ለብርሃኔ ዘረጋለት።

"እንካ" አለው። "እኔ እግሩን እይዛለሁ።"