ቤቴ ቤትሽ ነው

ሽንኩርት ሻጯ ልጇን እንዳዘለች አንድ እግሯን አውቶቡሱ ደረጃ ላይ አሳርፋ በሩን ያዘች። በአንሶላ የተቋጠረ ልብስ በብብቷ ይዛለች። የግራ ዓይኗ አብጧል።

"መጣሁ እታለም" አለች፣ በሩ አጠገብ የተቀመጠችውን ልብስ ሰፊ እያየች። "ወጣሁለት።"

ልብስ ሰፊዋ "ማን መታሽ?" ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ባሏ ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል።

ልብስ ሰፊዋ ለወንጌል ከከተማዋ ስትወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሰጠቻትን ትራክት ፊደል እየለቀመች ማንበቡ ስላሳፈራት፣ ትናንት ሽንኩርት ሻጯ ደጃፍ ላይ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ከሆዷ ተናገረች። "ከዛሬ ጀምሮ እህትሽ ነኝ። ቤቴ ቤትሽ ነው" አለቻት። ሴትዮዋ አለቀሰች፤ አመነች። ማታ ቡድኑ በሙሉ አጨበጨበላት። እነዚያ የተማሩት፣ ጊታር የሚመቱት፣ አንድ ሰው እንኳ አላመጡም። እሷ አመጣች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

የቡድኑ መሪ ከኋላ እየተጋፋ መጣ። "ምንድን ነው?"

"አብራን ልትሄድ ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"የት?"



እንግዶቹን ሊሸኝ የቆመው የሰፈሩ ወንጌላዊ ወደ በሩ ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ወንድሜ፣ እናንተ ሄዳችሁ። እኔ ግን እዚሁ ነኝ። ሚስቱን ወሰዱበት ከተባለ ቤቴን በላዬ ላይ ያነዱታል። የልጆች አባት ነኝ።"

"እርስዎ ጋ ትቆይ እንግዲያ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ባሏ መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ጋ አይደል?"

መሪው ግንባሩን አሸት አደረገ። "እንጸልይላት።"

"እናንተ ስትጸልዩ ሞተሩ ናፍጣ ይጠጣል" አለ ሹፌሩ። የሳቀለት የለም።

መሪው እጁን ትከሻዋ ላይ ጭኖ ጸለየ። ሽንኩርት ሻጯ ዓይኗን አልጨፈነችም፤ ልብስ ሰፊዋን ታያለች። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ዓይኗን ጨፍና ቤቷን በልቧ ትለካለች። አንድ ክፍል ናት። ወዲህ የስፌት ማሽኑ፣ ወዲያ ባሏን ፈትታ የመጣች ልጇ ከነልጆቿ። እሷ ራሷ የምትተኛው ማሽኑና ግድግዳው መሀል ተሸጉጣ ነው።

አሜን ሲባል ሽንኩርት ሻጯ፣ "በቃ ስልክሽን ስጪኝ" አለች። "ሲብስብኝ ደውዬልሽ በራሴ እመጣለሁ። እነሱን አላስቸግርም።"

"የምትጽፊበት ይዘሻል?"

"መጻፍ የት አውቅና! ንገሪኝ፣ በቃሌ እይዘዋለሁ።"

ልብስ ሰፊዋ አንድ በአንድ ነገረቻት። መጨረሻው ላይ ስትደርስ "ሦስት" አለች። ስምንት ነበር።

ሽንኩርት ሻጯ እግሯን ከደረጃው አወረደች። በሩ ተዘጋ፤ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ከኋላ መዝሙር ጀመሩ። መሪው ስልኩን ለቪዲዮ አዘጋጅቶ የልብስ ሰፊዋ ፊት ላይ ደገነ።

"እትዬ፣ የመጀመሪያዎ ነው። ምን ተማሩ? ለምእመናኑ አንድ ነገር ይበሉ።"

እሷ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። ሽንኩርት ሻጯ መንገድ ዳር እንደቆመች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የምትጸልይ መሰላት። አይደለም። ጣቶቿን እያጠፈች ቁጥሩ እንዳይጠፋባት ትደጋግመዋለች።

"አቁም!" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ደግሞ ምን ረሱ?" አለ ሹፌሩ።

"አልረሳሁም። ዋሽቼ ነው።"

"እትዬ፣ ስልክ ለማንም አትስጡ ተብሎ ነበር እኮ" አለ መሪው ቪዲዮውን አጥፍቶ። "ለወንጌላዊው ደውለን እናስነግራታለን።"

"አቁም አልኩ! አለዚያ እየሄደ እዘላለሁ።"

እንደምትዘል ከፊቷ አይቶ ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ወርዳ አቧራውን እያቋረጠች ሄደች።

"መጨረሻው ስምንት ነው" አለቻት ስትደርስ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

"ተሳስተሽ ነው?"

"አይደለም።"

ሽንኩርት ሻጯ በደህናው ዓይኗ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ልጇን ከፍ አድርጋ አስተካክላ አዘለችና ጣቷን እያጠፈች ቁጥሩን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ሹፌሩ ጥሩምባውን አስጮኸ። ልብስ ሰፊዋ ዞር አላለችም፤ ሴትዮዋ በቃሏ እስክትይዘው ድረስ አብራት ቆጠረች።