የዘባዜን ራስ ፍለጋ

…እና ጠመኔው በእጄ እንዳለ ነው፣ ሐሙስ ነው፣ ሦስተኛ ክፍሎችን የሰባትን ማባዣ እያስባልኩ ነው፣ ሰባት ጊዜ ስድስት ስል ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ይቆማሉ፣ ኮፍያቸውን አውልቀዋል፣ እኚህ ሰው ኮፍያቸውን ለጸሎት እንኳ ተለምነው ነው የሚያወልቁት፣ መምህርት፣ እስቲ አንዴ ውጪ፣ እኔ ግን መጀመሪያ አርባ ሁለት ብዬ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ነው የምወጣው፣ ለምን ጻፍኩት፣ ከሸንተረሩ ሰው ወርዷል ይሉኛል፣ ጉድጓዱ ተንዷል፣ የማን ጉድጓድ፣ የባልሽ፣ እሱስ።

እሱ ውስጡ ነበር።

ሥራው ነው ጉድጓድ። ዘባዜ የአፈር ጥናት ሠራተኛ ነው፣ ነበር፣ በየተራራው ጀርባ ከቁመቱ የሚበልጥ ጉድጓድ ያስቆፍርና በመሰላል ወርዶ ግድግዳውን በቢላ እየፋቀ ያነባል፣ ልክ እንደ ተማሪዎቼ በጣቱ እየተከተለ፣ ከላይ የበሰበሰ ቅጠል፣ ከሥሩ ጥቁር፣ ከዚያ ቡኒ፣ ከዚያ እስከ ታች ቢጫ ቅላት፣ ጠጠር ግማሽ በግማሽ፣ የአፈር ኮምጣጣነት የሚለካበትን ጠብታ ያንጠባጥብበታል፣ ቀለሙን አይቶ ይስቃል፣ ቪክቶሪን፣ ከዚህ በላይ ኮምጣጣ ሎሚ ብቻ ነው ይለኛል፣ ጠጠር የበዛበት ግድግዳ ዝናብ ከጠጣ አይታመንም ያለኝም ራሱ ነው፣ ታዲያ ሦስት ቀን ዘንቦ ለምን ወረድክ፣ ምን ቀረህ ግድግዳው ላይ ያላነበብከው።

ተይ። አሁን ይህን ተይው፣ ዛሬን እዪ፣ ስድስት ዓመት አልፎ ያው ሸንተረር ላይ ቆመሻል፣ መቃብሩ እየተቆፈረ ነው።

ታ ንጌፋክ ወገባቸው ድረስ ገብተዋል። ታ ማለት አባባ ነው፣ በሰፈራችን የሟቾችን ራስ ቅል ቤት እንዲገባ ከመቃብር የሚያወጡት እሳቸው ናቸው፣ ሽማግሌ ናቸው ግን ዶማ ሲይዙ ዕድሜያቸው ይጠፋል፣ እየቆፈሩ ያወራሉ፣ ይሄ ባልሽ መምህርት፣ በሕይወቱም ጉድጓድ፣ በሞቱም ጉድጓድ፣ እኔን ነው የሚያስለፋኝ፣ ግቢው ከሙዝ ሥር ተቀብሮ ቢሆን እኮ እስካሁን አውጥቼው ጎደሬዬን በቢጫ መረቅ እየበላሁ ነበር፣ እትዬ መዛቲዮ ከላይ ሆነው፣ የዘባዜ ታላቅ እህት ናቸው፣ እሱን ለእኔ አይንገሩኝ ታ፣ ለእሷ ይንገሯት፣ እዚህ ይቀበር ያለችው እሷ ናት፣ ሰው በግቢው ይቀበራል፣ የእኔ ወንድም ብቻ ከዝንጀሮ ጋር።

እውነት ነው። እኔ ነኝ። አንድ ቀን ምሳ ይዤለት ወጥቼ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ እግራችንን አንጠልጥለን ስንበላ፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ፣ ዛፎቹ ጢማቸውን እንዳንጠለጠሉ፣ ስሞት እዚህ አድርጉኝ፣ አፈሩ ጥልቅ ነው፣ እግሬን ዘርግቼ እተኛለሁ አለ፣ አፉ ሞልቶ ነበር፣ እየሳቀ ነበር፣ የሞተ ጊዜ ግን ያ ሳቅ ጠፋኝ፣ ቃሉ ብቻ ቀረኝ፣ ኑዛዜ ነው አልኩ፣ በእግዚአብሔር ስም ማልኩ፣ እትዬ መዛቲዮ አልቅሰው ለመኑኝ፣ አልሰማሁም፣ መምህርት አይደለሁ፣ የተማርኩ አይደለሁ።

የአፈር ጥናት ደብተሩን ያነበብኩት ከተቀበረ በኋላ ነው። ከወር በላይ ቆይቼ፣ እርሳሱ እንኳ ከውስጡ አልወጣም ነበር፣ የዚህኑ ሸንተረር ገጽ አገኘሁ፣ ጥልቅ፣ ከሁለት ሜትር በላይ፣ ጠጠራማ፣ ውኃ ቶሎ ያሳልፋል፣ እጅግ አሲዳማ፣ ከግርጌ በትንሽ ጽሕፈት፣ ከአራት ዓመት በፊት እዚህ የቀበርነውን የሥራ ካምፓችንን ውሻ ፈለግሁ፣ አጥንት የለም፣ ጥርስ ብቻ፣ ይህ አፈር አጥንት አያቆይም።

አያቆይም። ያን ቀን ደብተሩን ዘግቼ ወጥ ቤት ገባሁ፣ ድንች ልጬ ሳበቃ የላጥኩትን ጥዬ ልጣጩን ቀቀልኩ።

ለማን ልንገር። የአባቱ ራስ ቤታችን አለ፣ የአያቱም፣ በየሸክላቸው፣ ሙሉ ናቸው፣ ልጅ ሲታመም ጨውና የዘንባባ ዘይት ይዘን እናናግራቸዋለን፣ አንድ ቀን የዘባዜም ተራ ይደርሳል፣ መጥተው ይቆፍራሉ፣ ባዶ ያገኛሉ፣ ባሏን ለአፈር አበላች ይሉኛል፣ ስለዚህ አመድ ተሸከምኩ፣ አመድ ኮምጣጣ መሬት ያለዝባል፣ ለገበሬዎቹ ሲያስተምር በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ በየቅዳሜው የምድጃዬን አመድ በቅርጫት ይዤ ሁለት ሰዓት ዳገት፣ መቃብሩ ላይ መበተን፣ መውረድ፣ ሰዉ አየኝ፣ ምን ትቀብራለች፣ ጥንቆላ ነው፣ ይበሉ፣ ስድስት ዓመት፣ ሌሊት ግን ድምፁ ይመጣብኛል፣ ክፉ አይደለም፣ እንደ ሥራ ባልደረባ ነው የሚያናግረኝ፣ ቪክቶሪን፣ ከላይ የበተንሽው ሁለት ሜትር ለመውረድ የአንቺ ዕድሜ አይበቃም፣ እሺ ታዲያ ምን ላድርግ፣ ምን ላድርግ ዘባዜ።

ኬኔ የዛፍ ሥር ላይ ተቀምጣለች። ልጃችን። እጇ ሆዷ ላይ ነው፣ አራተኛ ወሯ ነው፣ የመጀመሪያው ጽንስ በአምስት ወሩ ወረደ፣ ሁለተኛውም በአምስት ወሩ፣ ሐኪም ቤት ሄደናል፣ እረፍት አድርጊ አሏት፣ በሸረሪት የሚጠነቁሉት ሰውዬ ዘንድም ሄደናል፣ ሸረሪቷ ምልክት ያለባቸውን ቅጠሎች ገለባበጠቻቸው፣ ሰውዬው አዩአቸው፣ አባትሽ በርዶታል አሏት፣ ቤቱ አስገቡት፣ እሱ ሳይገባ የአንቺ አይጸናም፣ ያን ቀን ልጄ በመኪናው ውስጥ እየሳቀች መጣች፣ አየሽ እማ፣ ቀላል ነገር ነው፣ እሱን ብቻ ማውጣት ነው፣ እኔ መስኮቱን አያለሁ፣ ቀላል ነገር ነው እላለሁ።

ንገሪያት። አሁን ሳይደርሱበት ንገሪያት፣ ኬኔ፣ አባትሽ እዚህ የለም፣ እናትሽ… አልችልም፣ ምናልባት ይኖራል፣ ውሻ ትንሽ ነው፣ የሰው ራስ ወፍራም ነው፣ ስድስት ዓመት ብቻ ነው፣ አመዱም አለ፣ ምናልባት።

ሚስማር፣ ይላሉ ታ ንጌፋክ።

ዶማውን ያስቀምጣሉ። ከዚህ በኋላ በእጅ ነው፣ ዝገት የበላው ሚስማር ወደ ላይ ይሰጣሉ፣ ሌላ ሚስማር፣ እንጨቱ ዱቄት ሆኗል፣ በመዳፋቸው እያበሱ ይሄዳሉ፣ ጠጠሩ ሲንሸራተት እሰማለሁ፣ እትዬ መዛቲዮ አዲሱን ሸክላ ታቅፈው ጎንበስ ብለዋል፣ የሰላም ምልክት የሆነውን ቅጠል በጥርሳቸው ይዘዋል፣ እንደ ልማዱ፣ ራሱ እስኪወጣ መናገር የለባቸውም፣ ግን ምን ያደርጉ፣ ቅጠሉን ያወጡታል፣ ምን አለ ታ፣ ጠጠር አለ፣ ሌላስ፣ ሌላም ጠጠር አለ።

ቁልፍ፣ ይላሉ ከዚያ። የሸሚዝ ቁልፍ።

ነጭ ነው። አራት ቁልፍ በአንድ መስመር፣ ከላይ ወደ ታች፣ ልክ እንደ ተቆለፉ፣ ሸሚዙ የለም፣ ደረቱ የለም፣ የሰፋኋቸው ግን አሉ፣ ከቁልፎቹ በላይ አፈር ነው፣ አፈርና ጠጠር፣ ታ ንጌፋክ ሁለት እጃቸውን ክብ አድርገው ራስ ሊኖርበት የሚገባውን ቦታ ይይዛሉ፣ ባዶውን ይይዙታል፣ ቀና ብለው ያዩኛል፣ አይስቁም፣ ሠላሳ ሁለት ሰው አውጥቻለሁ ይላሉ፣ ሁሉም ይጠብቁኝ ነበር።

ኬኔ ትነሳለች። የት ነው፣ ትላለች፣ እማ የት ነው።

ኬኔ፣ እላለሁ፣ ይህ አፈር አጥንት ይበላል፣ አባትሽ ጽፎታል፣ ካነበብኩት ስድስት ዓመቴ ነው፣ እንዲህ ነው የምለው፣ እንደ ትምህርት፣ ድምፄ አይንቀጠቀጥም፣ ስድስት ዓመት የተለማመድኩት ይመስላል፣ አታየኝም፣ ቁልፎቹን ነው የምታየው፣ እትዬ መዛቲዮ ሸክላውን ሳሩ ላይ ያስቀምጣሉ፣ አሁን ይሰድቡኛል፣ ይስደቡኝ፣ ለዚህ ነው አመዱ፣ ይላሉ፣ ቀስ ብለው፣ አዎ እትዬ፣ ለዚህ ነው፣ እኔ ደግሞ፣ ይላሉ፣ ድግምት ልታደርጊብን ነው እያልኩ ደጄ ላይ ጨው ስበትን፣ አንቺ ሞኝ፣ ነግረሽኝ ቢሆን ሁለት ቅርጫት እንሸከም አልነበር።

ታ ንጌፋክ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ራስ ሲጠፋ አፈር ይወሰዳል ይላሉ፣ በጦርነቱ ጊዜ ጫካ ለቀሩት እንዲህ ነው ያደረግነው፣ አፈሩ ግን ከራሱ ቦታ መሆን አለበት፣ ከእግሩ ከወሰድን እግሩን ነው የምታናግሩት፣ ሳጥኑ በስብሶ ሲወድቅ ወደ ጎን አጋድሏል፣ አንገቱ ወዴት እንደዞረ እኔ አላውቅም፣ እኔ አጥንት ነው የማውቀው፣ አፈር የሚያውቅ ማን አለ።

ሁሉም ወደ እኔ።

ሚስት አትወርድም ይላሉ እትዬ መዛቲዮ፣ ባሏ መቃብር ሚስት ወርዳ አታውቅም፣ ከዚያ ራሳቸው ክንዴን ይይዛሉ፣ ነጠላ ጫማሽን አውልቂ፣ ጫማዬን አወልቃለሁ፣ እወርዳለሁ፣ ከታች ይቀዘቅዛል፣ ግድግዳው ላብ አለው፣ ሽታው እሱ ማታ ሥራ ውሎ ሲገባ አንገቱ ላይ የነበረው ነው፣ አታልቅሺ፣ አሁን አንብቢ፣ ከጠጠሩ መሃል ያለውን አፈር ቆንጥሪ፣ ምራቅሽን ጨምሪ፣ በአውራ ጣትሽ እሺው፣ ዕድሜ ልኩን አጠገቤ ሲያደርገው ያየሁት ነው፣ ሥጋ የነበረበት ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ ይህ ሻካራ ቢጫ ነው፣ ይህም፣ ይህም፣ እዚህ… እዚህ ጠቁሯል፣ ከቁልፎቹ በላይ ወደ ግራ፣ የመዳፍ ስፋት፣ አገኘሁት፣ ዘባዜ።

ቆይ።

በቀኝ በኩልም አለ። ያው ስፋት፣ ያው ጥቁረት፣ ሥር የበሰበሰበትም ይጠቁራል እንዳትሳሳቺ ይለኝ ነበር፣ ታዲያ እንዴት ነው የሚለየው ብዬ ጠይቄው ነበር፣ እርግጠኛ ነኝ ጠይቄዋለሁ፣ መልሱ ምን ነበር፣ ዳቦ እየቆረስኩ ነበር፣ ኬኔ ሕፃን ሆና ታለቅስ ነበር፣ አልሰማሁትም፣ ግራውን አሻለሁ፣ ቀኙን አሻለሁ፣ አንዱ ውስጥ ቀጭን ነጭ ነገር አለ፣ ጥርስ፣ አይደለም፣ ጠጠር ነው፣ ሲተኛ ወደ ግራ ነው የሚዞረው፣ ወደ እኔ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ወደ እኔ ነው የሚዞረው፣ ግን የሞተ ሰው በጎኑ ይዞራል ወይ፣ ከላይ ጥላ ይወርድብኛል፣ ኬኔ ጠርዙ ላይ ተንበርክካለች፣ አንድ እጇ ሆዷ ላይ፣ ሌላው ሸክላውን ወደ እኔ ዘርግቶ፣ ከግራው እዘግናለሁ፣ በሁለት እጄ፣ ሦስት ጊዜ፣ ሸክላው ይሞላል።

እማ፣ እሱ ነው፣ እርግጠኛ ነሽ።

ነኝ።

ቤት አስገብተነዋል፣ ከአባቱና ከአያቱ መሃል፣ ኬኔ በየማለዳው ጨውና ዘይት ይዛ ታናግረዋለች፣ አምስተኛ ወሯን ይዛለች፣ ድምፅዋን ከመጋረጃው ጀርባ እሰማለሁ፣ አባዬ ትላለች፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ፣ ዘባዜ ይሁን የዛፍ ሥር አላውቅም፣ ለእሷ ልነግራት አልችልም፣ ለእናንተ ግን ጻፍኩት፣ ይህን የምታነቡ፣ እኔ የምሰጠው አፈር ነው፣ ስሙ ግን አልበሰበሰም፣ ዘባዜ ነው፣ የምታምኑት ማንም ይሁን ዛሬ ስሙን ጠርታችሁ ጸልዩለት፣ ከሁለቱ ጥቁር ቦታ የቱ ጋ እንዳለ የምትጸልዩለት አምላክ ያውቃል፣ ከዚያ ያንሳው፣ ልጁ ወደምትጠራው ያምጣው፣ አምስተኛ ወሯ ሳያልቅ።