ከመድረኩ ሥር ያለው ወንበር

አባባ ግማሽ ጎኑ ሰንፎ ምላሱ ከታሰረ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የማወራው እኔ ብቻ ነኝ። ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ወሬ ስሰማ እውልና ማታ ሁሉንም እሱ ላይ እዘረግፈዋለሁ። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የትኛዋ ሙሽራ በሠርጓ ማግስት ፀጉሯን ልትቆረጥ እንደመጣች። ድሮ ቢሆን ግማሹን ሳልጨርስ፣ «አንቺ ለፍላፊ፣ ትንፋሽ ውሰጂ እንጂ» ይለኝ ነበር። ለፍላፊ ያለኝ እሱ ነው። እናቴ ነፍሷን ይማረውና ያወጣችልኝ ስም ከትምህርት ቤት አላለፈም። አሁን አባባ ዝም ብሎ ያየኛል፤ እኔ ደግሞ ያቺን ስድብ አንዴ ብቻ ብሰማት እላለሁ።

የንግግር ሐኪሟ ልምምዱ እምብዛም እንዳልረዳው አልደበቀችኝም። ዕድሜውን የጨረሰበት ቦታ ካለ ውሰጂው፣ አንዳንዱ ሰው የለመደው ቦታ ሲደርስ ቃል ያመልጠዋል አለችኝ። ያ ቦታ የት እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም። አባባ በአሮጌው ቲያትር ቤት ተቀጥሮ፣ በአሮጌው ቲያትር ቤት ጡረታ የወጣ ሰው ነው።

ደግነቱ ቲያትር ቤቱ ለእድሳት ሊዘጋ ስለሆነ ሰው እየገባ እንዲጎበኝ ተፈቅዶ ነበር። ጺሙን ላጭቼ፣ ኮቱን አልብሼ በታክሲ ወሰድኩት። የሚያስጎበኙት አንዲት አንጋፋ ተዋናይት ናቸው። በወጣትነታቸው ንግሥት የሚጫወት ሰው በተፈለገ ቁጥር የሚመረጡት እሳቸው ስለነበሩ፣ ዛሬም ድረስ ሰው ሁሉ እትዬ ንግሥት ይላቸዋል።

አባባን በር ላይ ሲያዩት እጃቸው ላይ የነበረው የቁልፍ ዘለላ ወደቀ።

«ሹክሹክታ» አሉት።

እንዲህ ተብሎ እንደሚጠራ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። አባባ ደህነኛ እጁን ዘረጋላቸው። መናገር እንደማይችል እኔ ነገርኳቸው። ቁልፋቸውን አንስተው ወደ ሥራቸው ገቡ። አዳራሹ በፊት የእህል መጋዘን እንደነበር፣ በጦርነቱ ጊዜ ወንበሮቹ ተነቅለው ቁስለኛ እንደተኛበት፣ ሰገነቱ ላይ ያለው አንዱ ምሰሶ ለምን እንደጠቆረ ለጎብኚው ሁሉ ተረኩ። ጥሩ ታሪክ ነው ይላሉ። እኔ ግን በቅጡ አልሰማሁትም፤ ዓይኔ አባባ ከንፈር ላይ ነበር።

በመጨረሻ መድረኩ ጫፍ ላይ ያለችውን ቀዳዳ አሳዩን። ከተመልካች በኩል በእንጨት ከለላ ተሸፍናለች፤ ከሥሯ አንድ ወንበር አለ። ተዋናይ ቃል ሲጠፋው ከዚህ ሆኖ ሹክ የሚል ሰው ነበር አሉ፣ አባባን እያዩ። ዝም ብሎም አይናገርም። መጀመሪያ ጣቱን በቀስታ ያዞራል፤ ቀጥል ማለቱ ነው። በዚያ ካልሆነ የቀጣዩን ንግግር መነሻ ቃል ብቻ ይሰጣል፤ ተመልካች ከሰማው ሥራው ተበላሸ ማለት ነው። አዲሱ ወለል ሲነጠፍ ቀዳዳዋ ትደፈናለች አሉና ከለላውን በእጃቸው ዳበስ አደረጉት።

አባባ ማንም ሳይጠይቀው ወደ መውረጃው አመራ። ደግፌው ወረድን፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ጀርባው ቀና አለ። ከጎኑ ቆምኩ። እላይ እትዬ ንግሥት ጎብኚዎቹን ዝም አሰኙና መጫወት ጀመሩ። ገና ሲጀምሩ አወቅኩት። አባባ እቤት ሲያጠና የባልየውን ንግግር የማነብለት እኔ ነበርኩ። ንግሥቲቱ ላይመለስ የሚሄድ ባሏን ትሰናበታለች።

«መሄድህን አልከለክልም» አሉ። «ከመሄድህ በፊት ግን፣ አንድ ጊዜ…»

ቆሙ።

ቀጥሎ ያለው «ስሜን ጥራው» ነው። አባባ «ስሜን» ካለ ይበቃል። ቃሉ እኔም አፍ ውስጥ ነበር፤ ግን የእሱ ስለሆነ ዋጥኩት። አባባ ጣቱን አዞረ። እትዬ ንግሥት አልቀጠሉም፤ ይጠብቁታል። ከንፈሩን አላቀቀ። የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። እላይ ያሉት ሰዎች ሴትዮዋ የረሱ መስሏቸው እያፈሩ ሲቁነጠነጡ ይሰማኛል። ደግሞ ሞከረ። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ልቤ ተሰብሮ አያውቅም።

እትዬ ንግሥት ጉልበታቸውን እየያዙ ተንበረከኩና ወደ ቀዳዳዋ ጎንበስ አሉ።

«ስሜን ጥራው» አሉት በሹክሹክታ። «እኔ እኮ አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም። አንተ ስትለው መስማት ስለምወድ ነበር እዚህ ጋ የማቆመው።»

አባባ ራሱን ነቀነቀ። ያውቅ ነበር። ከዚያ በደህነኛው እጁ ፊቱን ሸፈነ። እናቴ ብትሰማ ምን ትል ነበር ብዬ ማሰቤ አልቀረም፤ ግን እሷንም የሚያስቀናት ነገር አላገኘሁበትም።

ታክሲ ውስጥ ዝም አልኩ። እኔ የምለው ጠፋኝ ብል ማን ያምነኛል? ከዚያች ወንበር የተሻለ ቦታ የለም፤ እዚያ ያልወጣ ቃል የትም እንደማይወጣ ገብቶኛል። አባቴ አጠገቤ ተቀምጧል፣ ለፍላፊ የሚለኝ ሰው ግን የለም። መስኮት መስኮቱን እያየሁ ብዙ መንገድ ሄድን።

ጉልበቴን ነካኝ። ዞር ስል፣ ጣቱን በቀስታ ያዞራል።

ስለ ጠዋቷ ደንበኛዬ ጀመርኩለት። ቀለሙ ፀጉሯን አረንጓዴ አድርጎባት እንዴት እንደጮኸች፣ እናቷ እንዴት እንደሳቀች፣ እንባዬ አፌ ውስጥ እየገባ ሁሉንም ነገርኩት። ቤት እስክንደርስ ትንፋሽ አልወሰድኩም፤ ውሰጂ የሚለኝ የለም።