ኡኡ በየትኛው ቋንቋ?

«ሌባ ቢመጣባት ልጂቱ በየትኛው ቋንቋ ነው ኡኡ የምትል?»

እማማ ሰዒዳ ይህን ያልጠየቁት ሰው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ውስጥ የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ቀርተውበት በማያውቁት የዓርብ ከሰዓት የሴቶች ዱዓ ላይ እንኳ ጠይቀዋል። ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ኢስራ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ፣ በመጪው ሰኞ ከኮምቦልቻ በርራ ስዊድን ወዳለችው እናቷ ልትሄድ ነው። የዚያ አገር ትምህርት ቤት ደግሞ ከስዊድንኛና ከእንግሊዝኛ ሌላ አንድ ቋንቋ ምረጪ ብሏታል፤ ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽ ወይም ዓረብኛ። የመምረጫው ቀን የሚያልቀው ዛሬ ረቡዕ ነው።

ትናንት ኮምቦልቻ ድረስ ወርደው፣ ፋብሪካ ከፈረንጆች ጋር የሚሠራውን ልጃቸውን ሙንዚርን ጠይቀው ነበር።

«እማ፣ ማሽን ሲበላሽ እኮ ሁሉም የሚራገመው በገዛ ቋንቋው ነው» ብሎ ሳቀባቸው።

ስለዚህ ራሳቸው ቆረጡ። ዓረብኛ! የሌባው ነገር መቼም ሰበብ ነው። የፈሩትስ ልጂቱ በባዕድ አፍ ተውጣ እንዳትረሳቸው ነው። ዓረብኛ ቢሆን እሳቸውም ቁርኣን ያነበቡበት ነው፤ ቢያንስ አንድ የሚያውቁት ፊደል አፏ ላይ ይኖራል።

ምስክር እንድትሆናቸው ጂዳ ስድስት ዓመት የሠራችውን ጎረቤታቸውን ሱዓድን ጠሩ።

«እስቲ ንገሪያት፣ ዓረብኛ አይጣፍጥም?»

«ኧረ በነቢ፣ እማማ! እኔ የተማርኩት ‹አምጪ፣ እጠቢ፣ ቶሎ በይ› ነው። ምኑ ይጣፍጣል?»

«አንቺን ብሎ ምስክር! ዝም ብለሽ ሻይሽን ጠጪ።»

ኢስራ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እማማ፣ አይልፉ። ጠዋት መርጬ ልኬዋለሁ። ስፓኒሽ» አለች።

«ስፓኒሽ? ያ ረቢ! ለኳስ ብለሽ ነው አይደል?»

«ወላሂ ለኳስ አይደለም። ዓረብኛውም ፈረንሳይኛውም የሚሰጡት ዓርብ ከሰዓት ነው፤ ስፓኒሹ ማክሰኞ። ሌላውን ቀን ከትምህርት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እናቴን ከማግዝበት ሥራ እስክመለስ እርስዎ ኢሻ ሰግደው ተኝተዋል። ዓርብ ከሰዓትን ባዶ ካላደረግኩት መቼ ልደውልልዎ?»

ሱዓድ ሻዩ ትን አላት። «ዓርብ ከሰዓት? ዱዓው ላይ ስልክ ክልክል አይደል እንዴ! እንግዲህ እማማ፣ ወይ ዱዓው ወይ ስልኩ።»

እማማ ሰዒዳ ሻሻቸውን አጥብቀው ጫማቸውን በእግራቸው ፈለጉ።

«ወዴት ነው፣ እማማ? ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው!» አለች ኢስራ።

«የዱዓውን ቀን ላስለውጥ!» አሉና በሩን ከፍተው፣ ዱዓው ወደሚደረግበት ወደ ፋጡማ ቤት ቁልቁል ወረዱ።