ሦስት ጣት

ሽማግሌው አናጢ አንዴ ካሉት ፍንክች አይሉም። ዐይናቸውን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው ክንዳቸውን ልትይዝ ስትሞክር ግን «ተይኝ፣ አያለሁ» ይሏታል። መጋዛቸውን የሰቀሉትም፣ እንደ እሳቸው አባባል፣ ወገባቸውን ስላመማቸው ነው። በስንት ልመና ጤና ጣቢያው ድረስ አመጣቻቸው።

የዐይን ሕክምና ቡድኑ በሁለት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፤ ዛሬ ደግሞ የቀዶ ጥገናው የመጨረሻ ቀን ነው። በር ላይ የቆመው መዝጋቢ ለእያንዳንዱ ሰው ጣቶቹን ያሳያል። ስንት እንደሆኑ የለየ ጠብታ ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ያልለየ ወደ ውስጥ ይገባል። ሰልፈኛው ግን ነገሩን ገልብጦ ተረድቶታል። መልሱን ያወቀ የሚታከም መስሎት ከፊት ወደ ኋላ በሹክሹክታ ይቀባበለዋል። መዝጋቢው ደግሞ ደክሞት ነው መሰል፣ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጣት ብቻ ነው የሚያሳየው።

አናጢውም ደረታቸውን ነፍተው «ሦስት» አሉና ጠብታቸውን ተቀበሉ።

ሰፊዋ ነገሩ የገባት ሊወጡ ሲሉ ነው፤ ሹክሹክታውን በጆሮዋ ሰማች። ደሟ ፈላ። አባቷን እየጎተተች ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሄደች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን በመስታወቱ አሻግራ አየችና ንዴቷን ረሳችው። ውስጥ የምትሠራው ዶክተር አይደለችም፤ የሞራ ቀዶ ጥገና የተማረች ነርስ ናት። ሁለት አልጋ አላት፤ አንዱን ስትጨርስ ዞር ብላ ሌላውን ትጀምራለች። ከጠዋት ጀምሮ ሠላሳ ሁለት ዐይን ሠርታ እጇ ንቅንቅ አይልም። ሰፊዋ ዕድሜዋን በመርፌ የኖረች ናት፤ የሰው እጅ ታውቃለች፤ እንዲህ ያለ እጅ ግን አይታ አታውቅም።

ነርሷ ጓንቷን እያወለቀች ወጣች። የሆነውን ሁሉ ከሰፊዋ ሰማች፤ ማንንም አልተቆጣችም። እጆቿን ወደ ኋላዋ አድርጋ አናጢው ፊት ቆመች።

«አባባ፣ ይሄ ስንት ጣት ነው?»

«ሦስት» አሉ፣ ሳያመነቱ።

«እጄ እኮ ከኋላዬ ነው፣ አባባ።»

አናጢው የጠብታውን ብልቃጥ በእጃቸው አገላበጡት።

«አይታየኝም» አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለልጄ ሸክም እንዳልሆንባት ብዬ ነው።»

ነርሷ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። መዝጋቢውን ደግሞ በስህተት የተመለሱትን ሁሉ ከየመንገዱ እንዲጠራ ላከችው። ዘጠኝ ሰዎች ተመለሱ። ጀምበር እስክትጠልቅ ቆማ ዘጠኙንም ሠራች፤ ምሳ መብላቷን ያየ ሰው የለም።

በማግስቱ ጠዋት የአናጢውን ፋሻ ፈታችላቸው። እሳቸው ዐይናቸውን አርገብግበው ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ጉንጯን አዩ፤ ከሰውነቷ የሰፋትን ቀሚስ አዩ።

«እንዲህ ስትከሺ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ መቼ ነገርከኝ፣ አባዬ?»