የሾርባ ቤቱ አፍ

ሰፈሩ ሁሉ «ራዲዮ» እያለ የሚጠራት የሾርባ አብሳይ፣ ፍርድ ቤት ስትገባ ድምፅ አልነበራትም።

ጣጣው የመጣው ከራሷ አፍ ነው። ጧሪ የሌላቸውን ሽማግሌዎች በሚመግበው ማኅበር ጭልፋ ይዛ ስትኖር ክፉ አልገጠማትም፤ አንድ ቀን ግን ጋዜጠኛ መጥቶ ማይክ ሲደቅንባት፣ «ሾርባውስ ይሁን፤ ጡረታቸው ቢጨመር እኮ እኔንም አይፈልጉኝም» አለች። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይህን ሰምቶ፣ «በጎ አድራጊ ያበላል እንጂ በመንግሥት ሥራ አስተያየት አይሰጥም» በማለት የማኅበሩን ፈቃድ ሰረዘ። ማኅበሩ ይግባኝ አለ፤ ድስቱም የሚጣደው ከፍተኛ ፍርድ ቤት እስኪወስን ብቻ ሆነ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ጥላቸውን የሚፈሩ የቀድሞ ርዕሰ መምህር ናቸው። «እስከዚያው በዚህ አዳራሽ ስለ ጡረታ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ መብራት መጥፋት ማንም ትንፍሽ እንዳይል» አሉ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከዚህ ሌላ ወሬ የላቸውም። አዳራሹ ውስጥ ማንኪያ ብቻ ይንኳኳ ጀመር፤ ወሬው ሲቀር ሾርባውም ይተርፍ ጀመር። ራዲዮ አንገቷን ደፋች። ከተፈረደባቸው ሥራዋን ልትለቅ ቆርጣለች፤ እኔ ከሌለሁ ምናልባት ይምሯቸው ይሆናል ብላ።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ ሁሉ ችሎት ገቡ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አስተካክለው ውሳኔውን ማንበብ ጀመሩ። ንባቡ አያልቅም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጆሯቸው ከበድ ያለው የቀድሞ ባቡር ነጂ፣ አጠገባቸው የተቀመጠውን ጎሸም አድርገው፣ «በላን ወይስ ተበላን?» ሲሉ ችሎቱ በሙሉ ሰማቸው። ዳኛዋ ፈገግታቸውን በወረቀቱ ጋርደው ቀጠሉ።

«አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት በሥራው ስላየው ችግር ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው። በዚህ ምክንያት ፈቃዱ ሊሰረዝ አይችልም።»

«ድስቱ ይጣዳል ማለት ነው» አሏት ሊቀመንበሩ በሹክሹክታ። ራዲዮ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች።

ደጅ ሲወጡ ያው ጋዜጠኛ ደረጃው ላይ ቆሟል። «እሺ እትዬ፣ አሁንስ ምን ይላሉ?»

ራዲዮ ስንት ወር ያፈነችውን ሁሉ ልትናገር አፏን ከፈተች። ባቡር ነጂው ቀደሟት።

«ቆይ፣ እኔ መጀመሪያም በነገሯ አልተስማማሁም። የፈጀን የመድኃኒቱ ዋጋ ነው እንጂ ጡረታው ምን አደረገን?»

«ምን አሉ አባባ?» ዞር አለች። «ይህን በሆድዎ ይዘው ነው ሾርባዬን ሲጠጡ የከረሙት?»

«አትናገሩ ተባልን እኮ ልጄ። ደግሞ ፍርድ ላይ ሳለሽ ባንቺ ላይ መነሣት ደስ አይልም።»

«ታዲያ ጡረታው ካልተጨመረ መድኃኒቱን በምን ሊገዙት ነው? በባቡር ጡሩምባ?»

ሽማግሌዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። እኩሉ ከጡረታው፣ እኩሉ ከመድኃኒቱ ቆመ። ጋዜጠኛው ማይኩን ወዲያና ወዲህ ሲያመላልስ ክንዱ ዛለ። የራዲዮ ድምፅ ከደረጃው አልፎ መንገድ ተሻገረ።

ሊቀመንበሩ ግራና ቀኝ አዩ። ከረባታቸውን ላላ አደረጉ። «ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፤ ዋናው የቤት ኪራዩ ነው» አሉና ደንግጠው አፋቸውን ያዙ። ማንም አልመጣባቸውም። እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ፣ ወደ ማይኩም ጠጋ አሉ።

«ኪራዩ ነው» አሉ ጮክ ብለው።