ጡረታ የወጣው ምስማር

የትምህርት ቤታችን አስተዳደር ለሰፊው ተማሪ የሚከተለውን በታላቅ አክብሮት ያስታውቃል፦ በአሥራ አንደኛ «ለ» ክፍል ግድግዳ ላይ ለአሥራ ሁለት ዓመታት በቅንነት ያገለገለው ምስማር ከኅዳር ሰባት ቀን 1980 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ፈቷል።

ምክንያቱ ካርታ ነው። አሥራ አራቱ ክፍለ ሀገር ቀርተው በሃያ አራት የአስተዳደር አካባቢና በአምስት ራስ ገዝ ስለተተኩ፣ ምስማሩ ላይ የኖረው አሮጌ ካርታ ተነቅሎ መጋዘን ገባ። አዲሱ «በቅርቡ» ይመጣል ተባለ። እስከዚያ የጂኦግራፊው መምህር አባይነህ ስለ አዲሱ ክፍፍል ከመጣው ሰርኩላር እያነበበ እንዲያስተምረን ታዘዘ።

አንድ ቀን አነበበልን፤ አዛጋን። በማግስቱ ከየቤታችን የቆየ ፖስታ እንድናመጣ ነገረን። ደብዳቤው ይቅር፣ ፖስታው ብቻ።

የሐረሩም የጎንደሩም መጣ። ሁሉንም ያስከነዳው ግን የምብራት ነበር። አዲግራት ያሉት አክስቷ ባለፉት ዓመታት በሦስት አድራሻ ጽፈዋል፦ ትግራይ ጠቅላይ ግዛት፣ ትግራይ ክፍለ ሀገር፣ ትግራይ ራስ ገዝ። ሴትየዋ አዲሱን ስም ከካርታው ቀድመው አውቀውታል።

«አክስትሽ ስንት ጊዜ ቤት ቀየሩ?» አላት መምህሩ።

«ኧረ አንዴም። አጥራቸውን እንኳን አልነኩም።»

«በሉ እንግዲህ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ወሰኑን ማን ማን እንዳንቀሳቀሰው ጻፉ።»

ከኋላ ወንበር በርሄ ተነስቶ፣ ሰፈራችን ውቤ በረሃም ከፍተኛና ቀበሌ ተብሎ ቁጥር ከወጣለት ስንት ዓመቱ፣ እስካሁን ታክሲ ውስጥ ቁጥሩን የጠራ ፋራ አላየሁም አለ። መምህሩ ይህንንም ጻፈው አለው።

በዚያ ዓመት ከትግራይ ደብዳቤ የሚመጣለት ቤት በቀበሌ ዓይን ውስጥ ነበር። ስለዚህ መምህሩ በመቀስ ከሁሉም ፖስታ ላይ፣ ከሐረሩም ከጎንደሩም፣ የላኪና የተቀባይ ስም ቆርጦ አወጣ። ከዚያ በሲባጎ አያይዞ ሰቀላቸው። ምስማሩ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሁለት ቀን አልቆየም። ርዕሰ መምህሩ ጓድ እምሩ ገባና «ጠቅላይ ግዛት» የሚለውን ፊውዳል ቃል አየ። ቀጥሎ «ትግራይ» የሚለውን አየ። ፖስታውን ቢያገላብጠው የስሙ ቦታ ቀዳዳ ነው። የማን እንደሆነ ጠየቀን። ሃምሳ ሦስት ተማሪ ጣሪያውን መረመረ። ምብራትም አብራ መረመረች።

ጓድ እምሩ ነጭ ወረቀት አስመጥቶ መምህሩ ፊት አስቀመጠ። ግለ ሂስ ይጻፍ፤ ፖስታውን ያመጣው ተማሪ ስም ይገለጽ፤ አለዚያ ከሰኞ ጀምሮ ጠረፍ ወዳለ ትምህርት ቤት ዝውውር ነው አለ። ጠረፉ በየትኛው የአስተዳደር አካባቢ እንደሚገኝ ግን አልተናገረም፤ ካርታው አልመጣማ።

መምህር አባይነህ ከላይ ቀኑን፣ ከታች ስሙን ጽፎ ፈረመና ወረቀቱን መለሰ።

«መሐሉስ?» አለ ጓድ እምሩ።

«ባዶ ነው።»

«አባይነህ፣ እኔ አንተን ማጣት አልፈልግም። አንድ ስም ንገረኝና እዚሁ ፒያሳህ ቅር። ምን ብለህ ነው የቆረጥከው?»

መምህሩ መቀሱን ከኪሱ አውጥቶ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ።

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አላብራራም።»